ዳግማዊ አፄ ምኒልክ፦ ከመቅደላ አምባ እስከ ስልክ ሽቦ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው የመካነ ሰላም፣ የሳይንትና የመቅደላ ደጋ በአባይና በበሽሎ ሸለቆዎች የተቆራረጠ ነው። በዚህ አካባቢ ማዶ ለማዶ የሚተያዩ መንደሮች ነዋሪዎች ለመገናኘት ገደል ወርደው ገደል መውጣት ይጠበቅባቸዋል። ቃል ከአንዱ ጋራ ወደ ሌላው ጋራ እንዴት ይሻገር የሚለው ጥያቄ በዚህ ምድር የሕይወትና የሞት ጥያቄ ሆኖ የታየበት ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን በመቅደላ አምባ በግዞት ያደጉት ወጣት፣ ኋላ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ተብለው ኢትዮጵያን የስልክ፣ የፖስታና የባቡር አገልግሎት ባለቤት ለማድረግ ተነስተዋል።

አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ከአባታቸው ከኃይለ መለኮት ሣህለ ሥላሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ እጅጋየሁ በሸዋ ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ በዘመቱበት ወቅት በሸዋ ንግሥና ላይ የነበሩት አባታቸው በሕመም ዐረፉ። ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበሩት ምኒልክም ተይዘው ከትውልድ አገራቸው ተወሰዱ።

በመቅደላ ያሳለፉት ጊዜ አሥር ዓመት ለመሙላት ጥቂት የቀረው ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ወጣቱን በልጅነት ደንብ አሳደጓቸው፤ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጥተው ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽን ዳሩላቸው። ይሁን እንጂ አምባው አምባ ነው። ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው ጥቂት በር ብቻ በመሆኑ የሸዋ ወሬ ወደዚያ የሚደርሰው መልእክተኛ በእግሩ ወይም በበቅሎ ይዞት ሲመጣ ነበር።

ምኒልክ በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. በሌሊት ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወረሂመኖዋ ገዢ ወደ ንግሥት ወርቂት ሰፈር ደረሱ። የንግሥት ወርቂት ልጅ በዚያን ጊዜ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ በመቅደላ ታስሮ ይገኝ ነበር። የምኒልክ መሰወር በአምባው እንደታወቀ ንጉሠ ነገሥቱ በብርቱ ተቆጡ፤ የንግሥቲቱ ልጅም ከሌሎች ምርኮኞች ጋር ተገደለ። ንግሥት ወርቂት ምኒልክን ወደ ሸዋ አሻገሩ። ከአምባው እስከ ሰፈሩ ያለው ርቀት ብዙ አልነበረም፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ከእግረኛ መልእክተኛ በቀር ቃል የሚያደርስ ስላልነበረ ቁጣን ለማብረድም ሆነ ለመደራደር የሚበቃ ጊዜ አልተገኘም።

ምኒልክ በነሐሴ ወር 1857 ዓ.ም. ሸዋ ገብተው የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም.፣ አፄ ቴዎድሮስ በዚያው በመቅደላ ሕይወታቸውን ሠዉ። በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ለዚህ ዘመቻ ከዙላ የባሕር ዳርቻ ሲነሳ የቴሌግራፍ ሽቦ ወደ ሰንዓፌ ደጋ እየዘረጋ ነበር። ጦሩ ሲመለስ ሽቦው አብሮት ሄደ። አገሪቱ የራሷን ሽቦ ለመዘርጋት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረባት።

ንጉሥ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ሰሜን ሲያሰፉ በዛሬው ደቡብ ወሎ የምትገኘውን ወረኢሉን የጦር ሰፈርና የአስተዳደር መቀመጫ አደረጓት። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የቅርብ አማካሪያቸው ሆነ። ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዕረፍት በኋላም በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ከዘውዱ በዓል ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ ወር 1881 ዓ.ም.፣ በወሎ ውጫሌ ላይ ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ውል የመልእክት መንገድ የሉዓላዊነት ጉዳይ መሆኑን በግልጽ አሳይቷል። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ እንደ ግዴታ አስቀምጦታል። ኢትዮጵያ ከዓለም ጋር የምትነጋገርበት በር በሌላ እጅ እንዲሆን አፄ ምኒልክ አልፈቀዱም፤ ውሉንም ውድቅ አደረጉ።

ጦርነቱ በተቃረበ ጊዜ፣ በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም.፣ የክተት ነጋሪት ተጎስሞ የመካከለኛው አገር ሠራዊት በጥቅምት ወር በወረኢሉ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። ትእዛዙ ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ በአዋጅ ነጋሪና በፈረሰኛ እየተላለፈ አገሩን አዳረሰ። የአድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን ሲሆን፣ ከአዋጁ እስከ ድሉ አምስት ወር ያህል ፈጅቷል። ሠራዊቱ በቀኑና በቦታው ሊገኝ የቻለው እያንዳንዱ አጥቢያ የሰማውን ለቀጣዩ ሳያጓድል በማሳለፉ ነው።

የስልክ መሣሪያ ወደ ቤተ መንግሥቱ የገባው ከአድዋ ቀደም ብሎ ነበር። ስልክ እ.ኤ.አ. በ1876 ከተፈለሰፈ ብዙም ሳይቆይ፣ ራስ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1889 ከተጓዙበት ከኢጣልያ ሲመለሱ መሣሪያውን ይዘው እንደመጡ ይነገራል። በመጀመሪያ የተሞከረውም በቤተ መንግሥቱና በግምጃ ቤቱ መካከል ነበር። ሰው ሳይታይ ድምፅ መሰማቱ በአንዳንድ ካህናት ዘንድ የርኩስ መንፈስ ሥራ ተደርጎ ተቆጥሮ ተቃውሞ አስነስቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በሐሳባቸው ጸኑ። እ.ኤ.አ. 1894 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ የሚቆጠርበት ዓመት ሆኖ ዛሬም ይዘከራል። ለእነ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ የተሰጠውና የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የፖስታ ቴምብር የወጣው በዚሁ ዓመት ነው።

ከአንድ ግቢ ወጥቶ አገርን ማገናኘት ግን ሌላ ሥራ ነበር። የመጀመሪያው ረጅም መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው ሲሆን፣ ርዝመቱም 477 ኪሎ ሜትር እንደነበር ተመዝግቧል። መስመሩ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ሲጠናቀቅ ንጉሠ ነገሥቱ የሐረር ገዢ ከነበሩት ከራስ መኮንን ጋር ሳምንታት የሚፈጅ መልእክት ሳይጠብቁ ለመነጋገር በቁ።

የመስመሩ ችግር ከተጠናቀቀ በኋላም አላበቃም። የእንጨት ምሰሶዎችን ምስጥ ይበላቸው ነበር። ዝንጀሮዎች በሽቦው ላይ ይንጠላጠላሉ፤ ዝሆኖች ምሰሶዎቹን እየታከኩ ይጥሏቸዋል፤ ነፋስና የሚወድቅ ዛፍ ሽቦውን ይበጥሰዋል። አንዳንድ የመንገድ ዳር ነዋሪም ምሰሶውን ለማገዶ፣ ሽቦውን ለጌጥ ይወስደው ነበር። መስመሩ አንድ ክር በመሆኑ አንድ ቦታ ሲበጠስ ከዚያ ወዲያ ያለው አገር በሙሉ ጸጥ ይላል።

ሌላው ችግር ርቀት ነበር። ድምፅን የሚያጎላ መሣሪያ ገና ባልነበረበት በዚያ ዘመን በሽቦ ላይ የሚጓዝ ቃል እየራቀ በሄደ ቁጥር ይደክማል። ስለሆነም በመንገዱ ላይ የስልክ ጣቢያዎች ተቋቁመው ስልከኞች ተመደቡባቸው። ስልከኛው ከአንዱ ጣቢያ የሰማውን ለቀጣዩ መልሶ ይናገራል፤ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ጣቢያዎቹ እጅግ ከተራራቁ ተቀባዩ ቃሉን አጥርቶ አይሰማም፤ እጅግ ከበዙም ቃሉ በየእጁ ሲዞር ይዘገያል፤ ይዛባልም። ስለዚህ የመስመሩ ጥቅም በቤተ መንግሥቱ ካለው መሣሪያ ይልቅ በሩቅ ጣቢያ በተቀመጠው ስልከኛ ንቃትና በጣቢያው አቀማመጥ ላይ የተመሠረተ ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ መስመር እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 በኢጣልያውያን የተዘረጋው የአዲስ አበባና የአስመራ መስመር ነው። ይህ መስመር በደሴ በኩል በማለፉ ወሎን ከመናገሻ ከተማው ጋር አገናኘ። የአፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ወሎን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ ሚካኤል ከአዲስ አበባ ጋር የሚገናኙበት አዲስ መንገድ ተከፈተላቸው። በቀጣዮቹ ዓመታትም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች የሚወስዱ መስመሮች ተዘረጉ።

የደሴው መስመር የተዘረጋው ግን በወሎ ምሥራቃዊ ክፍል በኩል ነበር። ወጣቱ ምኒልክ በግዞት ያደጉበት የመቅደላ፣ የሳይንትና የቦረና ደጋ ከሽቦው ርቆ ቀረ። የአዲስ አበባ ቃል ደሴ ለመድረስ ጥቂት ጊዜ ሲበቃው፣ ከደሴ ወደ ምዕራቡ ደጋ ለመሻገር ግን እንደ ቀድሞው ሁሉ የመልእክተኛ እግር ያስፈልገው ነበር።

አፄ ምኒልክ በቀሩት የሥራ ዓመታቸው በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። እ.ኤ.አ. በ1908 ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ቢደርስም፣ አዲስ አበባ ሲገባ ለማየት ግን ዕድሜ አላገኙም። ለዓመታት በጠናባቸው ሕመም ከሥራ ከተለዩ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ለመንግሥቱ ጸጥታ ሲባል ዕረፍታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆይቷል። ከዳር እስከ ዳር ቃል የሚያደርስ ሽቦ ያዘረጉት ንጉሠ ነገሥት የሞታቸው ዜና በዚያ ሽቦ አልተላለፈም።

የእርሳቸው ዘመን ተሞክሮ ለዛሬው የመንግሥት ሠራተኛ የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር ለማገናኘት ወረዳኔት ተዘርግቷል። ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት የደረሰው መስመር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ካልተሻገረ ግን የደሴው ሽቦ ታሪክ በአንድ ግቢ ውስጥ ይደገማል። በአሁኑ ጊዜ ሜሽ በመባል የሚታወቀው የዋይፋይ አሠራር ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል። በዚህ አሠራር አንዱ መሣሪያ ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር ይያያዛል፤ ሌሎቹ በየክፍሉ ተቀምጠው ሞገዱን እንደ ስልከኞቹ እየተቀበሉ ያሳልፋሉ።

በመኖሪያ ቤትም ሆነ በአነስተኛ ጽሕፈት ቤት ይህን የሚተክል ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በአቀማመጥ ነው። ሞገድ ወደማይደርስበት ክፍል መሣሪያውን ወስዶ ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ ያልሰማ ስልከኛ የሚያስተላልፈው የለውምና። ተገቢው ቦታ ሞገዱ ገና ሳይደክም በዋናው መሣሪያና በሩቁ ክፍል መካከል ነው። የደጋው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ሞገድን ስለሚያግዱ መሣሪያዎቹ በበር ትይዩ ቢሆኑ ይመረጣል። 5 ጊጋኸርዝ የተባለው ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ይከብደዋል፤ 2.4 ጊጋኸርዝ የተባለው ዝግ ቢልም አርቆ ይደርሳል። መሣሪያው በአንድ ሞገድ የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ከሆነ በእያንዳንዱ ቅብብል ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ሊቀንስ ስለሚችል መሣሪያ ማብዛት አይበጅም። የሚቻል ሲሆን መሣሪያዎቹን እርስ በርስ በኬብል ማያያዝ ከሁሉም ይሻላል።

ሜሽ ከምኒልክ ዘመን ሽቦ የሚለይበት ዋና ነገር አለ። መሣሪያዎቹ እርስ በርስ የሚደማመጡ ከሆነ አንዱ ቢጠፋ መልእክቱ በሌላው በኩል ዞሮ ይደርሳል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለተኛ መንገድ አስቀድሞ ታስቦ ከተዘጋጀ ብቻ ነው። መሣሪያዎቹ ሁሉ በአንድ ረድፍ ከተደረደሩ አዲሱ ቴክኖሎጂ የጥንቱን ሽቦ ድክመት ይወርሳል።

አፄ ምኒልክ ስልክን ወደ አገራቸው በማስገባታቸው ሲመሰገኑ ይኖራሉ። ሥራቸውን ለሚቀጥል ትውልድ የተረፈው ድርሻ ያደጉበት የመቅደላ ደጋ ሽቦው ባለፈ ጊዜ ከመስመሩ ውጭ መቅረቱን ማስታወስ ነው። አገር አቀፍ መስመር የሚዘረጋ መሥሪያ ቤትም ሆነ በመካነ ሰላም ቤቱ ውስጥ ሁለት መሣሪያ የሚተክል ሠራተኛ፣ ሥራው መጠናቀቁን ማረጋገጥ ያለበት ከመጨረሻው ጣቢያና ከመጨረሻው ክፍል ሆኖ ነው።