ጭምብሉን አላወልቅም ያለው በረኛ

ስለ ድፍረት ሲወራ እኔ ትዝ የሚለኝ የካናዳው በረኛ ዣክ ፕላንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በኩቤክ የተወለደው ፕላንት አስም ስለነበረበት በበረዶ ላይ ብዙ መንሸራተት ስላልቻለ ግብ ጠባቂ ሆነ። የሚያደርገውን የሹራብ ኮፍያ እንኳ በገዛ እጁ ይሠራ ነበር።

በዚያ ዘመን የበረዶ ሆኪ በረኛ ፊቱን አይሸፍንም። 170 ግራም ገደማ የሚመዝነውን ደረቅ ጎማ በባዶ ፊት መጠበቅ እንደ ወንድነት ይቆጠር ነበር፤ ለእኔ ግን ቂልነት ነው። ፕላንት በልምምድ ጊዜ ጭምብል ያጠልቅ ነበር። የሞንትሪያል ካናዲየንሱ አሠልጣኝ ቶ ብሌክ ግን እይታውን ይጋርደዋል ብሎ በጨዋታ ላይ ከለከለው።

ኖቬምበር 1 ቀን 1959 ኒውዮርክ ውስጥ የአንዲ ባትጌት ምት ፊቱን ተረተረው። ፕላንት ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ ያለ ጭምብል አልገባም አለ። ቡድኑ ተጠባባቂ በረኛ ስላልነበረው ብሌክ ሳይወድ ተስማማ፤ 3 ለ 1 አሸነፉ። በማርች 1960 አሠልጣኙ ጠይቆት ለአንድ ጨዋታ ቢያወልቀው 3 ለ 0 ተሸነፉ። በማግሥቱ መልሶ አጠለቀው፤ ካናዲየንስም በዚያው ዓመት ለአምስተኛ ተከታታይ ጊዜ የስታንሊ ዋንጫን ወሰደ።

በ1970 ለሴንት ሉዊስ ሲጫወት፣ አቅጣጫውን የቀየረ ምት ጭምብሉን መትቶ ራሱን አሳተው። ያለ ጭምብሉ እንደማይተርፍ ራሱ ተናግሯል። በ1986 በጄኔቭ፣ በጨጓራ ካንሰር ሞተ።