ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና የተደራጊ ግስ ትምህርት

በደባርቅና በዳባት የእንግሊዝኛን ተደራጊ ዐረፍተ ነገር ለጀማሪዎች የሚያስተምር መምህር የሚገጥመው ችግር ከሕጎች ብዛት ይልቅ ከሁለቱ ቋንቋዎች ልዩነት የሚመነጭ ነው። አማርኛ ተደራጊነትን በግሱ መነሻ ላይ በሚገባ ተ ሲገልጽ፣ እንግሊዝኛ ረዳት ግስን ከሌላ የግስ ቅርጽ ጋር ያጣምራል። ይህንኑ ልዩነት ከመቶ ዓመት በፊት በተቃራኒው አቅጣጫ፣ አማርኛን ለአውሮፓውያን በማስተማር የተጋፈጡት የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው።

አፈወርቅ በ1868 እ.ኤ.አ. በጣና ዳር በምትገኘው ዘጌ ተወለዱ። በ1887 እ.ኤ.አ. ወደ ጣሊያን ተሻግረው በቱሪን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተማሩ፤ ተመልሰውም የእንጦጦ ራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን በሥዕል አስጌጡ። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ባለመስማማታቸው ዳግም ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ የዐድዋ ጦርነት ሲነሣም ከጣሊያን ወገን ቆሙ።

መምህርነታቸው በሚገባ የሚታየው በኔፕልስ ነው። ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፍራንቼስኮ ጋሊና ጋር በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ። በ1905 ለማስተማሪያ የሚሆን ተግባራዊ ዘዴ ብለው የሰየሙትን የአማርኛ ሰዋስው በጣሊያንኛ አሳተሙ፤ በ1908 ፈረንሳይኛና አማርኛ ንግግሮችን ጎን ለጎን የያዘ የመንገደኛ መምሪያ አወጡ። በዚያው ዓመት የታተመው ልብ ወለድ ታሪክ ዝናቸውን ሁሉ ስለጠቀለለው፣ በ1911 ለግስ ብቻ የሰጡት መጽሐፍ ከተመራማሪዎች በቀር ብዙ አንባቢ አላገኘም። አንድን መጽሐፍ በሙሉ ለግስ መስጠታቸው ግን ችግሩ የት እንዳለ ማወቃቸውን ያሳያል።

በአገር ቤት የሰዋስው ትምህርት ግስ በአምስት አዕማድ ይከፈላል፤ እነዚህም አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ ናቸው። ጣሊያናዊው ተማሪ ግን የለመደው፣ እንደ እንግሊዝኛው ሁሉ፣ በረዳት ግስ የሚቆም ተደራጊ ነው። በላ እና ተበላ የሚሉትን በቀላሉ ይለያል። ይበላል ላይ ሲደርስ ግን ተ ጠፍቶበታል። ሰውየው ይበላል እና ምግቡ ይበላል በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ በ ሲላላ አድራጊ፣ ሲጠብቅ ተደራጊ ይሆናል፤ ፊደላችንም መጥበቅን አያመለክትም። ይህን ሊያሰማው የሚችለው ቋንቋውን ከእናቱ የተማረ መምህር ነው፤ አፈወርቅ በኔፕልስ የነበራቸው ብልጫም ይኸው ነበር።

የደባርቁ ሕፃን ከሌላው ጫፍ ይነሣል። ብርጭቆው ተሰበረ የሚለው ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንደ ሁኔታው በአድራጊ ቅርጽም በተደራጊ ቅርጽም ሊገለጽ ይችላል፤ ልጁ ታጠበ ሲባልም ራሱን ይጠብ ሌላ ሰው ይጠበው ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። ተማረና ተቀበለ ደግሞ ተ ቢኖራቸውም ተደራጊ አይደሉም። ስለዚህ ተ ያየህበትን ሁሉ በተደራጊ ተርጉም የሚለው አቋራጭ፣ በብዙ ክፍሎች የሚዘወተር ቢመስልም፣ ሕፃኑን ተማረ የሚለውን ግስ ሳይቀር በተደራጊ እንዲጽፍ ይመራዋል። ከአማርኛው ተነሥቶ ማን አደረገ፣ ምን ተደረገ ብሎ መጠየቅ ረዘም ይላል፤ የሚያስተው ግን ያነሰ ነው።

አፈወርቅ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ከመምህርነት ይልቅ ሹመት ጠበቃቸው። በነጋድራስነት የድሬዳዋን ጉምሩክ መሩ፤ እስከ ጣሊያን ወረራ ዋዜማም በሮም የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል ነበሩ። ወረራው ሲመጣ ከወራሪው ጋር ተባብረው አፈ ቄሣር ተባሉ። ይህ ከባድ በደል ነው፤ የሰዋስው ሥራቸው አያስተሰርየውም፤ በደሉም የሰዋስው ሥራቸውን ሐሰት አያደርገውም።

ከነጻነት በኋላ ተይዘው ተፈረደባቸውና በጅማ በግዞት ተቀመጡ፤ በ1947 እ.ኤ.አ. በዚያው ዐረፉ። በእነዚያው ዓመታት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ፊታቸውን ወደ እንግሊዝኛ መለሱ። ስለ አማርኛ ግስ የጻፉት መጽሐፍ በጣሊያንኛ ስለነበር፣ ከእንግሊዝኛ ተደራጊ ጋር መታገል የጀመረው አዲሱ መምህር ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ ተዘግቶ ቀረ።