ጆሳያ ዌጅዉድ

ጆሳያ ዌጅዉድ (1730–1795 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ፣ ነጋዴና ተመራማሪ ነበር። ለማዕድ የሚሆኑ ሳህኖችን፣ ስኒዎችንና የሻይ በራዶችን እንዲሁም ለቤት ጌጥ የሚቀመጡ የሸክላ ሥራዎችን በብዛት አምርቷል። በስሙ የሚጠራው የሸክላ ምርት እስከ ዛሬ ድረስ ይሸጣል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በሰማያዊ መደብ ላይ ነጫጭ ምስሎች በተለጠፉበት ጃስፐር በተባለው ሸክላው ነው። ከዚህ የሚበልጠው ሥራው ግን በመደርደሪያ ላይ አይታይም፤ ዛሬ ከእቶን የወጣ ሳህን በሚቀጥለው ዓመት ከሚወጣው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን የሚያደርግ አሠራር መዘርጋቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ሕመም

ዌጅዉድ በስታፎርድሺር አውራጃ፣ በርስለም በተባለ ቦታ ተወለደ፤ ክርስትና የተነሣው ጁላይ 12 ቀን 1730 ነው። ቤተሰቡ ለብዙ ትውልድ በሸክላ ሥራ የኖረ ሲሆን እርሱ የመጨረሻው ልጅ ነበር። አባቱ በ1739 ሲሞት ጆሳያ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ትምህርቱም በዚያው ቀርቶ ወደ ሥራ ገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈንጣጣ ያዘው። ከበሽታው ቢተርፍም ቀኝ ጉልበቱ ተጎዳ።

ይህ ለሸክላ ሠሪ ልጅ ቀላል ነገር አልነበረም። የሸክላ መሥሪያው መንኮራኩር የሚዞረው በእግር እየተገፋ ስለነበር እግሩ የደከመ ሰው ቀኑን ሙሉ ሊሠራበት አይችልም። በ1744 በታላቅ ወንድሙ በቶማስ ሥር ለአምስት ዓመት ተለማማጅ ሆኖ ቢፈርምም፣ ጊዜው እያለፈ ሲሄድ ሐሳቡ ከመንኮራኩሩ ይልቅ ወደ አፈሩ፣ ወደ ቀለሙና ወደ እሳቱ አዘነበለ።

የሙከራ መዝገብ

በ1754 በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ሸክላ ሠሪ ከቶማስ ዊልደን ጋር በሽርክና መሥራት ጀመረ። በ1759 የጀመረው የሙከራ መዝገብም የሥራ ሕይወቱ መሠረት ሆነ። እያንዳንዱ ሙከራ ቁጥር ነበረው። ምን ያህል አፈር፣ ምን ያህል ማዕድን እንደገባ፣ ናሙናው በእቶኑ ውስጥ የት ቦታ እንደተቀመጠና ምን ሆኖ እንደወጣ ይጻፍ ነበር። ተፎካካሪዎች ቅመማውን እንዳይሰርቁት ንጥረ ነገሮቹን በስማቸው ሳይሆን በምስጢር ቁጥሮች ይመዘግብ ነበር። ያልተሳካውም ሙከራ እንደተሳካው ሁሉ በመዝገቡ ላይ ይቀመጣል።

የዚህን ጥቅም ለመረዳት የዘመኑን እቶን ማሰብ ያስፈልጋል። በከሰል በሚነድ ትልቅ እቶን ውስጥ ከላይና ከታች ያለው ሙቀት አይመሳሰልም፤ እሳቱ መድረስ አለመድረሱንም የሚወስነው የእሳተኛው ዓይን ነው። አንድ ጀበና ብቻ የሚገዛ ሰው የቀለሙ ትንሽ መለዋወጥ አያስጨንቀው ይሆናል። ለሃምሳ እንግዳ ማዕድ የሚያዘጋጅ ባለጸጋ ግን ሃምሳው ሳህን አንድ መልክ እንዲኖረው ይፈልጋል፤ አንዱ ቢሰበርም ምትኩን ይጠይቃል።

የንግሥቲቱ ሸክላ

ዌጅዉድ በ1759 በርስለም ውስጥ የራሱን የሥራ ቤት ከፈተ። በጊዜው የሀብታሞች ማዕድ በውድ ፖርሴሊን ሲሸፈን ሌላው ሰው በወፍራም ሸክላ ወይም በቆርቆሮ ዕቃ ይበላ ነበር። በስታፎርድሺር ከነጣ ሸክላ አፈርና ከተፈጨ ባልጩት የሚሠራ፣ የወተት ስልባቦት የሚመስል ቀለም ያለው ሸክላ ከእርሱ በፊትም ነበር። ዌጅዉድ ቀለሙን ፈካ፣ ገላውን ሳሳ አደረገው፤ የላዩን ልባጥ፣ ማለትም በእሳት ቀልጦ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀውን ሽፋን፣ አሻሻለ። በ1765 የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ሚስት ንግሥት ሻርሎት የሻይ ዕቃ አዘዘችው። በማግሥቱ ዓመት የንግሥቲቱ ሸክላ ሠሪ የሚል ማዕረግ አገኘ፤ ምርቱንም የንግሥቲቱ ሸክላ ብሎ ሰየመው። ስሙ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ሠራለት፤ ንግሥት የምትበላበትን ዓይነት ሳህን መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብም ሊገዛው ይችል ነበርና።

ሸክላው ከስታፎርድሺር የሚወጣው በበቅሎና በፈረስ ጀርባ፣ በተበላሸ መንገድ ስለነበር ብዙው በመንገድ ይሰበር ነበር። ስለዚህ ዌጅዉድ መሐንዲሱ ጄምስ ብሪንድሊ ያቀደው የትሬንትና መርዚ የጀልባ ቦይ እንዲቆፈር ከተሟገቱት ዋናው ሆነ። ቁፋሮውን በ1766 ራሱ አስጀመረ፤ ቦዩም በ1777 ተጠናቀቀ። ለንደን ውስጥ የማሳያ አዳራሽ ከፈተ፤ ካታሎግ አሳተመ፤ ተዘዋዋሪ ሻጮችንም አሰማራ።

እግሩና ኢትሩሪያ

በ1762 ወደ ሊቨርፑል ሲጓዝ ጉልበቱ ዳግም ተጎድቶ አልጋ ላይ ዋለ። የሚያክመው ሐኪም ያስተዋወቀው የሊቨርፑል ነጋዴ ቶማስ ቤንትሊ እስከ ዕለተ ሞቱ የቅርብ ጓደኛውና ሸሪኩ ሆነ። ቤንትሊ ቋንቋ የሚያውቅ፣ የጥንት ሥነ ጥበብን ያነበበ፣ የባለጸጎችን ምርጫ የሚረዳ ሰው ነበር።

ሜይ 28 ቀን 1768 የዌጅዉድ ቀኝ እግር ተቆረጠ። ማደንዘዣ ገና አልተገኘም ነበር። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የሄደው በእንጨት እግር ነው። በፋብሪካው እየዞረ እንከን ያገኘበትን ዕቃ በእንጨት እግሩ ይሰባብር እንደነበር ይተረካል፤ ነገሩ አፈ ታሪክ ሊሆን ቢችልም ሠራተኞቹ እንዴት ያዩት እንደነበር ያሳያል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ጁን 13 ቀን 1769 ኢትሩሪያ የተባለው አዲሱ ፋብሪካ ተከፈተ። በዚያ ቀን ቤንትሊ መንኮራኩሩን ሲያዞር ዌጅዉድ በገዛ እጁ ስድስት ጥቁር የጌጥ ማሰሮዎችን ሠራ። የፋብሪካው ስም የተወሰደው ከጣሊያን የጥንት ሕዝብ ከኢትሩስካውያን ነው፤ ዌጅዉድ አርአያ ያደረጋቸው ጥንታዊ ማሰሮዎች የእነርሱ ይመስሉ ስለነበር ነው። በኋላ እንደታወቀው አብዛኞቹ የግሪክ ሥራዎች ነበሩ። በኢትሩሪያ ሥራው ተከፋፍሎ አንዱ ሲቀርጽ፣ ሌላው እጀታ ሲለጥፍ፣ ሌላው ቀለም ሲቀባ ይውል ነበር። በዚህ የለመደው ነፃነት የቀረበት ባለሙያ ቀላል አልነበረም። የባልጩት ብናኝ ሳንባን፣ በልባጩ ውስጥ ያለው እርሳስም ሰውነትን ይጎዳ ነበር፤ ይህ የዘመኑ የሸክላ ሥራ ሁሉ ችግር ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ትእዛዝ የመጣው ከሩሲያ ንግሥት ከታላቋ ካትሪን ነው። በ1773 እና በ1774 የተሠራው ይህ የማዕድ ዕቃ 952 ክፍሎች ሲኖሩት፣ በላያቸው የተሣሉት የብሪታንያ መልክዓ ምድሮችና ሕንፃዎች 1,222 ነበሩ። የታቀደለት ቤተ መንግሥት የእንቁራሪት ረግረግ በሚባል ሥፍራ ላይ ስለተሠራ በየዕቃው ላይ አረንጓዴ እንቁራሪት ተሥሎበታል። ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ በሄርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል።

ጃስፐርና የሙቀት መለኪያ

ጃስፐር ለዓመታት ከተደረጉ በሺህ የሚቆጠሩ ሙከራዎች በኋላ በ1770ዎቹ አጋማሽ ተገኘ። ምስጢሩ ከደርቢሺር የሚወጣ ባሪየም ሰልፌት ያለበት ማዕድን ነበር። ሸክላው ራሱ ቀለም ስለሚቀበል ልባጥ አያስፈልገውም፤ ነጩ ምስል ለብቻው ታትሞ ይለጠፍበታል። ቀራጩ ጆን ፍላክስማን ብዙ ምስሎች ሠርቶለታል።

ዌጅዉድ ሉናር ሶሳይቲ ከተባለው የሊቃውንት ቡድን ጋር ቅርበት ነበረው፤ ጄምስ ዋትና ኢራስመስ ዳርዊን የዚሁ ቡድን አባላት ነበሩ። የጨረቃ ስም የተሰጠው ስብሰባው ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ሰሞን ይደረግ ስለነበር ነው፤ ማታ ወደ ቤት ለመመለስ ብርሃን ያስፈልጋል። በ1782 የእቶን ሙቀት መለኪያውን ለሳይንቲስቶች አቀረበ። ሸክላ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይጠባል፤ ስለዚህ እኩል ተደርገው የተሠሩ ትናንሽ የሸክላ ቁራጮችን እቶን ውስጥ አስገብቶ፣ ሲወጡ እየጠበበ በሚሄድ ቦይ ውስጥ እስከ የት እንደሚዘልቁ ያነባል። ወደ ተራ የሙቀት ዲግሪ ሲለወጥ ቁጥሩ ከእውነተኛው እጅግ ይበልጥ ነበር። አንዱን ቃጠሎ ከሌላው ጋር ለማወዳደር ግን በቂ ነበር፤ ሸክላ ሠሪው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። በ1783 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ።

የባሪያ ንግድን መቃወም

በ1787 የባሪያ ንግድን ለማስቀረት የተቋቋመው የለንደን ማኅበር ማኅተሙን ሲያዘጋጅ ዌጅዉድ ምስሉን በጃስፐር አወጣው። በነጭ መደብ ላይ በሰንሰለት ታስሮ የተንበረከከ ጥቁር ሰው ይታያል፤ ዙሪያውን የተጻፈው ጥያቄ የሰውየውን ሰብአዊነትና ወንድምነት ያስታውሳል። ሞዴሉን የሠራው የፋብሪካው ቀራጭ ዊልያም ሃክዉድ ነው። ዌጅዉድ በ1788 ጥቂቶቹን በፊላደልፊያ ለነበረው ለቤንጃሚን ፍራንክሊን ላከ። ሴቶች በፀጉር ጌጥና በአምባር አድርገውት የሚታይ የተቃውሞ ምልክት ሆነ።

ነገሩ ግን ሁለት ገጽ አለው። ዌጅዉድን ያበለጸገው የሻይ ልማድ ስኳር ይፈልግ ነበር፤ ስኳሩም የሚመጣው ባሪያዎች ከሚሠሩባቸው የካሪቢያን እርሻዎች ነው። ሸክላው ወደ ውጭ የሚላክባት ሊቨርፑልም የዚሁ ንግድ ዋና ወደብ ነበረች። ምስሉ ጥቁሩን ሰው ተንበርካኪና ለማኝ አድርጎ ማቅረቡም በኋላ ዘመን ተተችቷል። የብሪታንያ የባሪያ ንግድ በሕግ የተከለከለው በ1807፣ እርሱ ከሞተ በኋላ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ቤንትሊ በ1780 ሞተ። ዌጅዉድ የመጨረሻ ትልቅ ጥረቱን ያዋለው ፖርትላንድ ቫዝ የተባለውን የጥንት ሮማውያን የመስታወት ማሰሮ በጃስፐር ለመቅዳት ነው፤ ወደ አራት ዓመት ፈጀበት። ዋናው ማሰሮ በ1845 በብሪቲሽ ሙዚየም በአንድ ጎብኚ ሲሰባበር የዌጅዉድ ቅጂ ለጥገናው አገልግሏል።

በ1764 ካገባት የሩቅ ዘመዱ ከሣራ ዌጅዉድ ብዙ ልጆች ወልዷል። ትልቋ ልጁ ሱዛና የኢራስመስ ዳርዊንን ልጅ አግብታ ተፈጥሮ ተመራማሪውን ቻርልስ ዳርዊንን ወለደች። ዌጅዉድ ጃንዋሪ 3 ቀን 1795 ኢትሩሪያ በሚገኘው ቤቱ ሞተ። ከጃስፐር ሙከራዎቹ የተረፉት ቁጥር የተጻፈባቸው ትናንሽ የሸክላ ናሙናዎች ዛሬም በስታፎርድሺር፣ ባርላስተን በሚገኘው የዌጅዉድ ስብስብ ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ።