ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ፦ የመሐንዲስ ልጅ፣ የአእዋፍ ሠዓሊ

የመሐንዲስ ንድፍ ገና ያልተሠራው ነገር እንዲሠራ ያስችላል፤ የተፈጥሮ ሠዓሊ ሥዕል ደግሞ ያለው ነገር እንዳይጠፋ ይረዳል። የሁለቱም መሠረት አንድ ነው፤ ይኸውም ትክክለኛ ልኬትና ጠንቃቃ ዐይን ነው። የእነዚህን ሙያዎች ዝምድና በሕይወታቸው ካሳዩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ነው። ፉዌርቴስ ከመሐንዲስ ቤት ተወልዶ የአእዋፍ ሠዓሊ ሆነ፤ ብዙዎች ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀ የሚሉትንም የፈጸመው በኢትዮጵያ ምድር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፉዌርቴስ በ1874 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በኢታካ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤስቴቫን ፉዌርቴስ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ሲሆን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስና ትምህርትን ያደራጀ መምህር ነበር። ልጁን የሰየመው ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ባረፈው በታላቁ የተፈጥሮ ተመራማሪ በሉዊስ አጋሲዝ ስም ነው። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ልቡን ለወፎች ሰጠ። አንድ ጊዜም ሕያው ጉጉት ይዞ ቤት በማምጣት ከገበታው እግር ጋር አስሮ ቤተሰቡን እንዳስደነቀ ይነገራል። በከተማይቱ ቤተ መጻሕፍት የነበረው የኦዱቦን ታላቅ የአእዋፍ መጽሐፍ የመጀመሪያ መምህሩ ሆነ፤ በ14 ዓመቱም ወፍ ከፊቱ አስቀምጦ መሣል ጀመረ።

አባት ልጁ የእርሱን ሙያ ወይም ለእርሱ የቀረበውን እንዲይዝ መመኘቱ ያለ ነው። ወጣቱም ኮርኔል ገብቶ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ተከታተለ። ነገር ግን በተማሪነቱ ዘመን ኤልዮት ኩስ የተባለው ስመ ጥር የአእዋፍ ሊቅ ሥዕሎቹን ተመልክቶ ተስፋ ጣለበት፤ ለሙያ ጓደኞቹም አስተዋወቀው። በ1897 ከተመረቀ በኋላ ፉዌርቴስ በእንስሳት ቀለምና በብርሃን ጥናት ከሚታወቀው ከሠዓሊው ከአቦት ቴየር ዘንድ ተማረ። በ1899 ከሃሪማን የጥናት ጓድ ጋር ወደ አላስካ ተጓዘ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የታተመ ዋና የአእዋፍ መጽሐፍ የእርሱ ሥዕል የሌለበት ጥቂት ነው።

ዘመኑ ለአእዋፍ ክፉ ነበር። የሴቶችን ባርኔጣ በላባ ማስጌጥ ስለ ተለመደ የሳቢሳ ዘመዶች በጎጇቸው ላይ እንዳሉ በብዛት ይገደሉ ነበር። ገበሬውም ዶሮ የሚነጥቀውን ከአይጥ አጥፊው ሳይለይ የጭልፊትን ዘር ሁሉ በጥይት ይመታ ነበር። ሕግ ቢወጣ እንኳ ሕዝቡ የተጠበቀውን ወፍ ካልተጠበቀው መለየት ካልቻለ፣ ሕጉ ከወረቀት አያልፍም። የፉዌርቴስ ሥዕል ጥቅም ላይ የዋለው በዚህ ቦታ ነው። የኦዱቦን ማኅበራት ለተማሪዎች ባሠራጩአቸው በራሪ ጽሑፎች ላይ ሥዕሎቹ ታተሙ። ስለ ኒውዮርክ አእዋፍ በ1910 እና በ1914 ለወጣው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ የሣላቸው ሥዕሎችም ለብቻቸው ተጠርዘው ተሸጡ። በ1920 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የወጡት የአዳኝ አሞሮች ሥዕሎቹም አንባቢው ወዳጁን ከጠላቱ እንዲለይ ረዱት። ተጓዥ አእዋፍን የሚጠብቀው የአሜሪካ ሕግ በ1918 ሲጸድቅ፣ ሕጉ ስለ ምን እንደሚናገር በዐይኑ የሚያውቅ ትውልድ በመፈጠር ላይ ነበር።

የፉዌርቴስ አሠራር ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያ ወፉን በሕይወት ሳለ ይመለከተዋል፤ አቋቋሙን፣ አንገቱን የሚያዞርበትን መንገድና የክንፉን አያያዝ በአእምሮው ይቀርጻል። ቀጥሎ በእጁ የገባውን ወፍ ለክቶ ይነድፋል። ከሁሉ በላይ የሚጣደፈው ለቀለሙ ነው፤ የዐይን፣ የመንቆርና የራቁት ቆዳ ቀለም ወፉ ከሞተ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይደበዝዛልና። በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጠው የደረቀ ቆዳ ላባውን ቢጠብቅም ይህን ቀለም አያስቀርም። የወንዱ እርኩም ጉሮሮ ቀይና ሰማያዊ መሆኑን፣ አጥንት ከከፍታ ጥሎ እየሰበረ የሚመገበው ጺማም አሞራ ዐይኑ በቀይ ቀለበት የተከበበ መሆኑን ለሩቅ አንባቢ በታማኝነት የሚያደርሰው በዚያው ሰዓት የተሣለ ሥዕል ነው።

በ1926 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየምና ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ በኅብረት ወደ ኢትዮጵያ የጥናት ጓድ ላኩ። መሪው የእንስሳት ሊቁ ዊልፍሬድ ኦዝጉድ ሲሆን፣ ፉዌርቴስ በሠዓሊነትና በአእዋፍ አጥኚነት ተካፈለ። ጓዱ በባቡር አዲስ አበባ ገብቶ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ፈቃድ ካገኘ በኋላ በበቅሎ ጭነት ተንቀሳቀሰ። የአርሲንና የባሌን ደጋ አይቶ፣ በጎጃም፣ በጣና፣ በጎንደርና በስሜን በኩል አልፎ በ1927 ወደ ሱዳን ወጣ። ፉዌርቴስም በእነዚያ ወራት ከመቶ በላይ ሥዕሎች ሠራ።

እዚህ ላይ መሸፈን የሌለበት አንድ ነገር አለ። ሥዕሎቹ የተሠሩት በተገደሉ ወፎች ነው፤ ፉዌርቴስ ራሱም ተኳሽ ነበር። በዘመኑ የእንስሳት ጥናት ያለ ጠመንጃ አይታሰብም ነበር። ስለዚህ ሥራው ዕዳ አለበት፤ ዕዳው የሚከፈለውም ሥዕሉ በሕይወት ላሉት ወፎች መጠበቂያ ሲሆን ብቻ ነው።

ፉዌርቴስ ይህን ለማየት ዕድሜ አላገኘም። በነሐሴ 1927፣ አገሩ በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ሥዕሎቹን ለወዳጁ ለፍራንክ ቻፕማን አሳይቶ ሲመለስ፣ ዩናዲላ በተባለች መንደር አጠገብ የባቡር ሐዲድ ሲያቋርጥ መኪናውን ባቡር መታው። የድርቆሽ ጭነት እይታውን ከልሎት ነበር ይባላል። እርሱ ወዲያው ሞተ፤ ባለቤቱ ክፉኛ ቆሰለች፤ ሥዕሎቹ ግን ከመኪናው ተስፈንጥረው ሳይበላሹ ተገኙ። ዕድሜው 53 ነበር። ሥዕሎቹን የጉዞ ባልደረባው ሳይደም ከቲንግ ገዝቶ ለፊልድ ሙዚየም አበረከተ፤ ከእነርሱም 32ቱ በ1930 በቺካጎ በአልበም ታተሙ።

የአልበሙ ዕጣ ከኒውዮርኩ መጽሐፍ ዕጣ ይለያል። የኒውዮርክ ወፎች ሥዕል ለኒውዮርክ ተማሪ ደረሰ፤ የኢትዮጵያ ወፎች ሥዕል ግን የታተመው በሩቅ አገርና በባዕድ ቋንቋ ነበር። ወፎቹ ግን እዚሁ ናቸው። በስሜን በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 ወጣ። ነገር ግን የእንስሳት ኑሮ በፓርክ ወሰን አይገታም። ጺማሙ አሞራ ከስሜን ገደል ተነሥቶ ተከዜን ለመሻገር ፈቃድ አይጠይቅም። ከተከዜ ወዲህ ያሉት የዋግ ኽምራ ተራሮች፣ ዝቋላንና ሰቆጣን ጨምሮ፣ የዚያው ሰማይ ክፍል ናቸው።

በዚህ ሸለቆ መሐንዲሱም እጁን አሳርፏል። በ2009 የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ የወንዙን ገጽታ ለውጧል፤ ከዝቋላና ከአበርገሌ ሰዎችም ሐይቁን ዓሣ ማስገሪያ ያደረጉ አሉ። በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግ ያዛል። ግምገማው ግን የሚሠራው ወፉን በዐይኑ ለይቶ በስሙ በሚጠራ ሰው ነው። የዝቋላ እረኛ አብዛኞቹን ወፎች ያውቃቸዋል፤ በአማርኛና በኽምጣኛም ይጠራቸዋል። የእርሱን ስም ከትክክለኛ ሥዕል ጋር በአንድ ገጽ አኑሮ ለወረዳው ትምህርት ቤትና ለቦታው መሐንዲስ ማድረስ፣ ፉዌርቴስ በኢትዮጵያ ጀምሮት ያልተጨረሰው የሥራው ግማሽ ነው።