ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፡ በኢትዮጵያ ሰማይ በርረው በአፈሯ ያረፉ ባለውለታ

የላስታ ደጋማ ምድር ለአነስተኛ አውሮፕላን አስቸጋሪ ነው። የላሊበላ ከተማ ከባህር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በአቅራቢያዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ሞተር ቢጠፋም በገደልና በአምባ መካከል የሚያሳርፍ ሜዳ ማግኘት ያዳግታል። በ1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥቂት አውሮፕላኖች ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ይመላለሱ የነበረው በእንዲህ ዓይነት ምድር ላይ ነበር። ከአብራሪዎቹ አንዱ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነበሩ።

ሮቢንሰን በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ተወልደው በሚሲሲፒ ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። በተስኪጊ ተቋም የተሽከርካሪ መካኒክነት ከተማሩ በኋላ በቺካጎ አቪዬሽን ለመማር ቢያመለክቱም በቀለማቸው ምክንያት በሩ ተዘጋባቸው። ተስፋ ሳይቆርጡ በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው ትምህርቱን ከዳር ሆነው ተከታተሉ። በመጨረሻም ተቀባይነት አግኝተው ተመረቁ፤ ሌሎች ጥቁር ወጣቶችንም ለማሰልጠን በቁ።

በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት ጥሪ ቀርቦላቸው በ1927 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገቡ። ሥራቸው ቀላል አልነበረም። ከእርሳቸው በፊት የመጣው ጥቁር አብራሪ ሁበርት ጁሊያን ከዘውድ በዓሉ ቀደም ብሎ የንጉሠ ነገሥቱን አነስተኛ አውሮፕላን ሰብሮ ከአገር ተባርሮ ስለነበር፣ አዲሱ እንግዳ አመኔታን በሥራ ማስመለስ ነበረባቸው። ብዙም ሳይቆይ የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኑ።

ጦርነቱ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ሲጀመር የጣሊያን አውሮፕላኖች በመቶ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያ ግን ጥቂትና በአብዛኛው ያልታጠቁ ነበሩ። ሮቢንሰን አድዋ በቦምብ ስትደበደብ በሥፍራው ነበሩ። ከዚያም መልእክትና መድኃኒት በማመላለስ አገልግለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ላሊበላን ተሳልመው ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ የአየር ኃይሉ አቅም ተሟጥጦ ነበር። ሮቢንሰን በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ሲመለሱ በቺካጎ ታላቅ አቀባበል ተደረገላቸው።

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ዳግም መጥተው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችንና መካኒኮችን አሰለጠኑ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለሕክምና እርዳታ በተነሳ በረራ ላይ ሳሉ ያበሩት የነበረው አነስተኛ አውሮፕላን ተከስክሶ ሕይወታቸው አለፈ። አስከሬናቸውም በአዲስ አበባ ጉለሌ መካነ መቃብር አረፈ።

የጥቂት አውሮፕላኖችን ሞተር በእጃቸው እየጠገኑ የጀመሩት ሥራ ዛሬ ከእርሳቸው ዕድሜ ተሻግሯል። አገር ዘላቂ አቅም የምትገነባው አውሮፕላን በመግዛት ብቻ ሳይሆን፣ አብራሪውንና ጠጋኙን በራሷ ልጆች በማፍራት ጭምር መሆኑን የኮሎኔሉ ሕይወት ያስተምራል።