ሲልቪያ ፓንክረስት እና የኢትዮጵያ ዜና፦ ስለ ጋዜጣዊ መግለጫ አንድ የሕይወት ታሪክ የሚያስተምረው

መግቢያ

ጋዜጣዊ መግለጫ የመገናኛ ብዙኃንን ትኩረት የሚያገኘው ወቅቱን ሲጠብቅ፣ በማስረጃ ሲደገፍና ሊያትመው ለሚችል ሰው በቀጥታ ሲደርስ ነው። ጉዳዩ ሩቅ በሆነና አዘጋጆች ፋይሉን በዘጉበት ጊዜ ግን ሥራው እጅግ ይከብዳል። ይህ አጭር ጽሑፍ እንዲህ ባለ ጊዜ የኢትዮጵያን ዜና ለዓለም ያሰሙትን የሲልቪያ ፓንክረስትን ሕይወት ከዚህ አንጻር ይቃኛል።

ከሥዕል ወደ ጋዜጣ

ሲልቪያ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1882 በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የተደረገውን ትግል ከመሩት አንዷ ናቸው። ሲልቪያ በለንደን የሥዕል ትምህርት ተከታትለው ለንቅናቄው ዓርማና የሰልፍ ማጌጫ ነደፉ፤ የሕዝብን ዓይን የሚይዝ ምልክት ያለውን ኃይል የተረዱት በዚህ ሥራ ነው። ደጋግመው ታስረዋል፤ የረሃብ አድማም አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1914 በምሥራቅ ለንደን ለሠራተኛ ሴቶች ድምፅ የሚሆን ጋዜጣ አቋቋሙ።

የተዘጋውን ዜና መክፈት

ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣቸው የመጀመሪያ እትም የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበትን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ይዞ ወጣ። ዕለቱ የአዘጋጇ 54ኛ የልደት ቀንም ነበር። ለብዙ የአውሮፓ ጋዜጦች ጦርነቱ በዚያ ቀን አበቃ፤ ለሲልቪያ ግን ዋናው ዜና ጦርነቱ አለማብቃቱ ነበር። የአርበኞችን ተጋድሎና በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውን ጭፍጨፋ ለአንባቢ ያቀረቡት ከዚህ መነሻ ነው።

በዝግጅትና በኅትመት ሥራው የሕይወት አጋራቸው፣ ኢጣልያዊው ስደተኛ ሲልቪዮ ኮርዮ አብረዋቸው ሠሩ። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ደገፏቸው። ጋዜጣው ገዢ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ ቅጂዎቹ ለእንግሊዝ ፓርላማ አባላት ይላኩ፣ ወደ ምዕራብ አፍሪካና ወደ ካሪቢያን ደሴቶችም ይደርሱ ነበር። ሲልቪያ ከዚህ ጎን ለሌሎች ጋዜጦች አዘጋጆችና ለባለሥልጣናት ያለማቋረጥ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ 20 ዓመት ቀጠለ።

የማስረጃ ፈተና

ጋዜጣው የታሪክ ተመራማሪዎችን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ድክመትም ነበረበት። ከጅቡቲ ይላኩለት ከነበሩ ዘገባዎች መካከል የአርበኞችን ድል ያለ ልክ ያጋነኑ ይገኛሉ። አገሪቱ በጠላት እጅ ስለነበረች ነጻ ዘጋቢ መግባት፣ ዜናውንም በሁለተኛ ምንጭ ማመሳከር አዳጋች ነበር። ቢሆንም ችግሩ ከባድ ነው፤ አንድ የተጋነነ ዘገባ ሲጋለጥ አጠገቡ የታተመው እውነተኛ የግፍ ዘገባም አብሮ ይጠረጠራልና። በዚህ የሚጎዳው ደግሞ ዜናው የተሠራለት ሕዝብ ራሱ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ከነጻነት በኋላ ሲልቪያ በልዕልት ፀሐይ ስም ለሚሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ የማሰባሰብ ዘመቻ መሩ። እ.ኤ.አ. በ1956 ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለ ወርኃዊ መጽሔት አዘጋጁ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ ዐረፉ፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም በክብር ተቀበሩ።

ማጠቃለያ

ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በሆሳዕና፣ እንዲሁም በዱራሜና በአካባቢው ከተሞች፣ የምርምር ውጤትን ወይም የሕዝብን ችግር ለአገር አቀፍ መገናኛ ብዙኃን ማድረስ የዘወትር ፈተና ነው። የሲልቪያ ሕይወት ሦስት ነገር ያመለክታል። ዜናው አዘጋጁ የማያውቀውን አዲስ ነገር በመጀመሪያው አንቀጽ ሊይዝ ይገባል። መግለጫው በስም ለሚታወቅ ተቀባይ ሊላክና በተከታታይ ሊደገፍ ይገባል። ከሁሉ በላይ እያንዳንዱ ቁጥርና ክስተት ከመላኩ በፊት ሊጣራ ይገባል፤ ሩቅ ያለ አዘጋጅ ቦታው ድረስ መጥቶ ማረጋገጥ ስለማይችል የሚተማመነው በላኪው ቃል ነው። ትኩረትን በትጋት ማግኘት ይቻላል፤ አመኔታ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በቀላሉ አይመለስም።