ከችሎት ወደ ማተሚያ ቤት፦ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሙያ ጉዞ

መግቢያ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የኢትዮጵያ ሊቅ መተዳደሪያው ቤተ ክህነት ወይም ቤተ መንግሥት ነበር። መጻፍ የሊቅነት፣ መፍረድ የሹመት ሥራ ነው፤ መጽሐፍ ማሳተም ግን ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ገና አልተለመደም ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሦስቱንም ሥራዎች በአንድ ዕድሜ ሠርተዋል። ከዳኝነት ወንበር ተነሥተው የግል ማተሚያ ቤት ባለቤት እስከ መሆን የደረሱበት መንገድ፣ ፍርድ ሊደርስበት የማይችለውን ጉዳይ መጽሐፍ እንዴት ሊደርስበት እንደሚችል ያሳያል።

ከመርሐ ቤቴ እስከ ልዩ ፍርድ ቤት

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በጸሐፊነት አገለገሉ። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ከልዑካን ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዙ። በእነዚህ ዓመታት መካከል የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል።

በ1910ዎቹ በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ሆኑ። የዚህ ችሎት መነሻ ኢትዮጵያ በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈራረመችው የክሎቡኮውስኪ ውል ነው። ውሉ የውጭ ዜጋ በሚከራከርበት ጉዳይ ላይ ለአገሩ ቆንስል ስፍራ ስለሚሰጥ፣ የኢትዮጵያ ዳኛ በገዛ አገሩ ሥልጣኑን ከባዕድ ጋር እየተካፈለ ይፈርድ ነበር። ክርክሩ በተከራካሪዎቹ ጉዳይ ብቻ አያበቃም፤ አገሪቱ ዳኝነት የምታውቅና ሕግ ያላት መሆኗም አብሮ ይመዘን ነበር።

መዝገብና ምስክርነት

ኅሩይ ዳኛ ከመሆናቸውም በፊት መዝጋቢ ነበሩ። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፋፍተው በድጋሚ አወጡት። በ1915 ዓ.ም. የታተመው «የሕይወት ታሪክ» የታወቁ ሰዎችን ማንነት ለመጪው ትውልድ በአጭር በአጭሩ መዝግቦ ያስቀምጣል። በሁለቱም ሥራዎች ስምና ማስረጃ ይቀድማሉ፤ አስተያየት ይከተላል። ይህ ከችሎት አሠራር የራቀ አይደለም።

በ1918 ዓ.ም. የወጣው «መጽሐፈ ቅኔ» የዚሁ ልማድ ሌላ ገጽታ ነው። ቅኔ ሥሩን በሰደደባቸው የጎጃም ጉባኤ ቤቶች፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ ሊቁ የተቀኘው በአብዛኛው በደቀ መዝሙሩ ቃል ተሸክሞ ይኖር ነበር። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ገጠር ተነሥቶ አኮፋዳውን ይዞ የሚሄድ ተማሪ ቅኔውን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው፤ ሰሚው ሲሞት ቅኔውም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የቀደምትና የኋለኞች ሊቃውንት ቅኔ ተሰብስቦ ሲታተም፣ በቃል ይኖር የነበረው ምስክርነት ወደ ጽሑፍ ማስረጃነት ተሸጋገረ።

ጎሐ ጽባሕ

ኅሩይ ከችሎት የወጡት ሹመት ትተው አልነበረም፤ ወደ ውጭ ጉዳይ ሥራ ተዛውረው ኋላ ሚኒስትር ሆኑ። ማተሚያ ቤቱን ያቋቋሙት ከመንግሥት ሥራቸው ጎን ለጎን ነው። «ወዳጄ ልቤ»ን የመሳሰሉት የቀድሞ ሥራዎቻቸው በሌላ ማተሚያ ቤት ሲወጡ፣ በ1924 ዓ.ም. ስለ ጃፓን ጉዟቸው የጻፉት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» እና በ1925 ዓ.ም. የወጣው «ሐዲስ ዓለም» ጎሐ ጽባሕ በተባለው በራሳቸው ማተሚያ ቤት ታተሙ።

የለውጡ ትርጉም በይበልጥ የሚታየው በ«ሐዲስ ዓለም» ነው። ባለታሪኩ ዐወቀ በውጭ አገር ተምሮ ወደ ተጉለት ሲመለስ ከዘመዶቹ ጋር በጋብቻ፣ በተዝካርና በቤት ልማድ ይጋጫል። እነዚህ ነገሮች በችሎት አይዳኙም፤ ተዝካር ደግሶ የደኸየ ቤተሰብ ከሳሽም ተከሳሽም የለውም። ዳኛ የሚፈርደው ቀርቦ በከሰሰ ሰው ጉዳይ ነው፤ መጽሐፍ ግን ማንም ያልከሰሰውን ልማድ አንባቢ ፊት ያቀርባል። ኅሩይም ልማዱ በትእዛዝ እንዲሻር ሳይሆን በምክርና በስምምነት እንዲታረም የሚያደርግ ፍጻሜ መረጡ።

በዚህ ላይ የማተሚያው የግል መሆን ክብደት አለው። የራሱ ማተሚያ ያለው ደራሲ ሥራው መቼና በምን መልክ እንደሚወጣ ራሱ ይወስናል። ይሁንና ባለቤቱ የመንግሥት ባለሥልጣን ስለነበሩ፣ ነጻነቱ ከዙፋኑ ጥላ የወጣ አልነበረም።

የጦርነቱ ፍርድ

የኢትዮጵያን ታሪክ ከንግሥት ሳባ እስከ ዐድዋ ድል የሚተርከው ሰፊ ሥራቸው በመታተም ላይ ሳለ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ አቋረጠው። በ1928 ዓ.ም. ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ዐረፉ።

ማጠቃለያ

የኅሩይ ሕይወት ዳኝነትንና ኅትመትን እንደ ሁለት የተለያዩ ዓለማት አያሳይም። መዝግቦ መያዝ፣ ማስረጃ ማቅረብና ለሰሚ ማስረዳት ከወንበሩ ወደ ማተሚያው አብረዋቸው ተሻግረዋል። የተለወጠው ዳኛው ነው፤ በችሎት ፈራጁ ኅሩይ ሲሆኑ፣ በጎሐ ጽባሕ መጻሕፍት ፍርዱ ለአንባቢ ተትቷል። የመጨረሻው ታላቅ ሥራቸው ዕጣ ደግሞ ኅትመት ከደራሲው ትጋት በተጨማሪ ሰላምና ነጻ አገር እንደሚሻ ያስረዳል።